ቀኙን እጅጌ ማን ሰፋው

ከካፌያችን ፊት ለፊት ባለችው የልብስ ስፌት ቤት ሙት ይሠራል ተባለ። ወሬው ሲወለድ ትንሽ ነበር፤ መንገዱን ተሻግሮ እኛ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ግን ጎርምሶ፣ ጢም አብቅሎ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ የኮቱን ግራ ወገን ብቻ ሰፍታ ትተወዋለች፤ ቀኙን ሟች ይመጣና ይጨርስላታል። የሟች የስፌት መኪና ሲያንጎራጉር የሰማ ሰው ተገኘ። ሲስል የሰማም ተገኘ። አንዱማ ሟች በመስኮት ብቅ ብሎ ክብሪት ለመነኝ ብሎ ማለ፤ ሰጥቼው ሳይመልስልኝ ቀረ ብሎም አዘነ።

ወሬ አልንቅም። ወሬ የሚንቅ ሰው ካፌ ምን ሊሠራ ይቀመጣል? ይሄኛው ግን አልዋጥ አለኝ። ሟችን በደንብ አውቀው ነበር። በቁሙ ሳለ እንኳ ከምሳ በኋላ ወደ ሥራው እንዲመለስ ጎረቤት ተረባርቦ የሚገፋው ሰው ነበር። ወንበሩ ላይ ሲያንኮራፋ በዚያ የሚያልፉ ሾፌሮች ሞተራቸው የተበላሸ እየመሰላቸው ቆመው ኮፈን ይከፍቱ ነበር። ታዲያ ይህ ሰው ማንም የማይቀሰቅሰው ዕረፍት ባገኘ ማግሥት፣ አፈሩን ገፍቶ ተነሥቶ እጅጌ ሊገጥም ይመጣል? ሞት ብዙ ነገር ያደርጋል፤ ሰነፍን ታታሪ ሲያደርግ ግን አላየሁም።

ነገሩን ከሥሩ እናንሣው።

ልብስ ሰፊ ሁሉ ጨርቁን አጥፎ አንዴ ይቆርጣል፤ ሁለቱ እጅጌዎች እንደ መንታ አብረው ይወለዳሉ። እነዚህ ባልና ሚስት ግን እንደዚያ አልነበሩም። አዲስ ተጋቢ ሳሉ ውድድር ገጠሙ፤ አንዱን ኮት መሃል ለመሃል ተካፈሉት፤ እሱ ቀኙን፣ እሷ ግራውን፤ ቀድሞ የጨረሰ ዕቃ ከማጠብ ነፃ ይወጣል። ጨዋታው የጫጉላ ጨዋታ ነበር፤ ጫጉላው አለፈ፣ አሠራሩ ግን በዚያው ለመደ። ክፍሏ ራሷ ለሁለት ተከፈለች፤ የእሱ መኪና በቀኝ ግድግዳ፣ የእሷ በግራ፣ መሃል ላይ ቁመተ ረጅም መስተዋት። ኮቱ ከሁለት ወገን ተጉዞ ጀርባ ላይ ይገናኛል። ሰፈሩም ስማቸውን ረስቶ አቶ ቀኝና ወይዘሮ ግራ አላቸው።

ተኳርፈው የሰፉት ኮት ጀርባ ላይ ያሳክካል ይባል ነበር። ስለዚህ ደንበኛ ጨርቁን ከላስቲኩ ከማውጣቱ በፊት «ሰላም ናችሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ለሰላምታ ብቻ አልነበረም። በፍቅራቸው ሰሞን የተሰፋ ኮት የደረሰው ሰው ግን ለብሶት ሥራ ፍለጋ ሲወጣ፣ ማመልከቻውን ሳያነቡ ወንበር ይስቡለት ነበር።

አቶ ቀኝ የእኔ ወገን ይከብዳል ባይ ነበር። ቀኝ እጅ ይጨብጣል፣ ይፈርማል፣ ያጎርሳል፣ ሲያስፈልግም ይማታል፤ ግራ እጅ ግን ዕድሜውን ኪስ ውስጥ ነው የሚጨርሰው። እና የቀኝ እጅጌ ጥበብ ይፈልጋል፣ ጥበብ ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል ይል ነበር። ጨርቅ ሊቆርጥ በተነሣ ቁጥር ሚስቱን ክር ግዢልኝ ብሎ ይልካታል። በዚህ ዓይነት የተከማቸው ክር ከተማዋን ጥፍር አድርጎ አስሮ፣ አናቷ ላይ የአበባ ቋጠሮ ለማበጀት ይበቃል። ሄዳ ስትመለስ አንድ ቀልድ ይዞ ይጠብቃታል፤ ትስቃለች። ሳቋ መንገድ ተሻግሮ የማኪያቷችንን አረፋ ያረግፍ ነበር።

ከዚያ ሞተ። አንድ ጠዋት መርፌው ላይ ክር ሊያስገባ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሌላው ተከተለው።

ሳቁም አብሮት ተቀበረ። ወይዘሮ ግራ ሱቋን እንደ ድሮው ትከፍታለች፣ መኪናዋ ፊት ትቀመጣለች፣ የመጣላትን ጨርቅ ግራ ግራውን ትሰፋለች። ቀኙን አትነካም። ጎረቤት ጨርቁን አጥፈሽ እንደ ሰው አትቆርጪም ወይ ቢላት፣ ቀኝ የእሱ ነው፣ እኔ አላውቅበትም ትላለች። ሐዘን የገባበት ጆሮ ምክር አያሳልፍም። ግማሽ ኮቶች ግድግዳው ላይ ተደርድረው ሱቁ ሰው ሁሉ በግማሽ አካሉ ብቻ የተገኘበት ስብሰባ መሰለ።

ዋርሳዋ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ መንገዱ ጥግ ላይ በጃንጥላ ሥር የስልክ ሽፋን ይሸጣል። አፉ ማር ነው፤ ሲያናግርህ ንብ እንዳይከተልህ ትሰጋለህ። ዝናብ በጣለ ቁጥር የሟች ወንድሙ ሱቅ ትዝ ይለዋል። ክፍሏ የእናታቸው ናት፤ እሳቸውም የወይዘሮ ግራ አማት ናቸው። ሄዶ እንዲህ አላቸው፤ ከሱቁ ግማሹ ሥራ ፈትቷል፣ ሥራ የፈታው ግማሽ ደግሞ የወንድሜ ወገን ነው፤ እትዬ ከነግራቸው ይቀመጡ፣ እኔ በቀኝ በኩል ስልኬን ልዘርጋ።

አማት ነገር ሲቆርጡ እንደ ጥሩ መቀስ ናቸው። ግማሽ ሱቅ የሚባል ነገር አላውቅም አሉ። ከዚያች ክፍል ሙሉ ኮት ከወጣ ክፍሏ የምራቴ ናት፤ የሚወጣው ግማሽ ኮት ከሆነ ግን ሙሉዋን ለአንተ እሰጥሃለሁ፣ እሷም እኔ ቤት መጥታ ከእኔ ጋር ትጦራለች። የሚለየውም በትራፊኩ ኮት ነው።

ትራፊኩ ጡረታ የወጣ የትራፊክ ፖሊስ ነው። አቶ ቀኝ በሕይወት ሳለ፣ ትራፊኩ ለገዛ ሴት ልጁ ሠርግ የሚሆን ኮት አዝዞ፣ ልኬቱን ሰጥቶ ነበር። ዕድሜውን መስቀለኛ መንገድ ላይ ከማሳለፉ የተነሣ፣ ካፌ ውስጥ ዝንብ ለማባረር እጁን ሲያነሣ አስተናጋጆች ከነትሪያቸው ቀጥ ይላሉ። ሚስቱ ሞታበታለች። ሲስቅ ያየው የለም፤ ሳቅ ቢመጣበት እንኳ መንጃ ፈቃድ ጠይቆ የሚመልሰው ዓይነት ነበር።

ሠርጉ ሲቃረብ ወይዘሮ ግራ ጥርሷን ነክሳ ቀኙን ቆረጠች። የእጅጌ ቅርጽ የተቆረጠበትን ካርቶኗን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች፣ በጠመኔ አሰመረች፣ መቀሷን አስገባች። እጇ ከግራ በቀር የሚያውቀው ስለሌለ የወጣው ሌላ ግራ ነበር። እሷ ግን አላየችውም፤ ሰፋችው፣ ገጠመችው፣ ተኮሰችው።

ትራፊኩ ሊለካ መጣ። ግራ እጁ ሰተት ብሎ ገባ። ቀኙ ክርኑ ጋ ሲደርስ እጅጌው ወደ ኋላ፣ ክርኑ ወደ ፊት ልታጠፍ አለ፤ ጥቂት ተጨቃጨቁና እጅጌው አሸነፈ። እጁ ወደ ጎን ተዘርግቶ፣ መዳፉ ወደ ኋላ ዞሮ ቀረ። ባለ ሁለት ግራ እጅ ሰው መስተዋት ውስጥ ቆሟል። ወይዘሮ ግራ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ኮቱ ብቻ ሳይሆን ክፍሏ፣ መኪናዋ፣ ያሳለፈችው ዕድሜ ሁሉ በስልክ ሽፋን ተሸፍኖ ታያት።

ትራፊኩ ራሱን ከላይ እስከ ታች መረመረ።

«እህቴ» አላት በዚያ ደረቅ ድምፁ፣ «ይቺን እጅ ይዤ ሠርግ ብገባ፣ ሙሽራው እለፍ የተባለ መስሎት በኋላ በር ይወጣል።»

ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳቅ ነበር። እንደ ተያዘ ሌባ ደንግጣ አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። ከዚያ ልቅሶውም ዱካውን ተከትሎ መጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይወጣ ነበር፤ ትራፊኩን ግን ኮቱ አስሮታል። እጁን እንደዘረጋ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በበር የሚያልፍ ጋሪ ገፊ ቁም የተባለ መስሎት ቆሞ ጠበቀ። እሷ እስክትረጋጋ ትራፊኩ ለማንም ነግሮት የማያውቀውን ነገር አወራት። በሚስቱ ቀብር ቀን እነዚሁ ባልና ሚስት የሰፉለትን ኮት ለብሶ ነበር። አፈር ሊጨምር ጎንበስ ሲል የኮቱ ቁልፍ ተበጥሳ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ሚስቱ ዕድሜዋን የኖረችው እሱ የሚበጥሰውን ቁልፍ ስትተክል ነው፤ እና እዚያ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ «እዚህም ድረስ ሥራ ይዘህብኝ መጣህ?» ስትለው ድምጿ ተሰማው። ሳቅ አፈነው። ከንፈሩን ነክሶ ትከሻው ሲርገፈገፍ፣ ሰዎች ሐዘን የሰበረው መስሏቸው ብብቱን ደገፉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከራሱ ጋር ተቀያይሞ ሳቅን እንዳያልፍ ከለከለው።

«ክፉ ሰው ሆኜ ይሆን እንዴ?» አላት።

«ቁልፏን ታዲያ ማን ተከላት?»

«ማንም። እስካሁን ጎደሎ ነው።»

«እንግዲያው ኮቱን ያምጡት» አለችው፤ እና ከታሰረበት እጅጌ ፈታችው።

አመጣው። ቁልፍ ልትመርጥ ሳጥኗን ስትከፍት ግን ትራፊኩ ቁልፉ ይቆይ አላት። የኮቱ ቀኝ እጅጌ የባሏ እጅ ሥራ ነው፤ ትተርትረውና እሱ እንዴት አድርጎ እንደሠራው ትይ። ወይዘሮ ግራ ኮቱን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ልጅ ራስ ትዳብሰው ጀመር። እያንዳንዷ ስፌት የእሱ ናት፤ መተርተር ሁለተኛ መቅበር ሆነባት። የእርስዎም ማስታወሻ ነው አለችው፤ እንደ ምክንያትም፣ እንደ ልመናም።

«ይህን ኮት ከእንግዲህ የምለብሰው ለማን ቀብር ነው?» አላት ትራፊኩ። «ለራሴ ከሆነ ተኝቼ ነው፤ እጅጌ አያስፈልገኝም። ይተርትሩት።»

የመጀመሪያዋ ክር ጠብ ስትል ዓይኗን ጨፈነች። ሁለተኛዋ ላይ ገለጠች። እጅጌው ከትከሻው ተላቀቀ፤ ገበሩን ከፈተች፤ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ አስተካከለችው። ከዚያ እጇ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ።

የእሷ የእጅጌ ካርቶን ታችኛው ጥጉ ላይ ካውያ ተረስቶበት ተቃጥሏል፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ጎድሏል። ካርቶን መለወጥ ስለሚሰለቻት በዚያው ኖረች። ስለዚህ እሷ የምትቆርጠው ግራ እጅጌ ሁሉ በዚያ ጥግ፣ ስፌቱ ውስጥ የሚደበቅ ንክሻ የመሰለ ጉድለት አለው። የባሏን ካርቶን ግን አይታው አታውቅም፤ ጥበቡ እንዳይወጣ ደብቆ ነው የሚያስቀምጠው ብላ ታምን ነበር። እና አሁን በባሏ ቀኝ እጅጌ ጥግ ላይ ያቺው ንክሻ፣ በተቃራኒው በኩል ተቀምጣለች። ካርቶኗን አንሥታ ገለበጠችና ጨርቁ ላይ አስተኛችው። ልክክ አለ።

ትራፊኩ ምን እንዳገኘች ጠየቃት።

«ጋሼ» አለች ካርቶኑን እያየች፣ «የራሱ ካርቶን አልነበረውም።»

ያ ጥበብ የሚፈልገው፣ ጸጥታ የሚፈልገው፣ ይጨብጣል ይፈርማል የተባለለት ቀኝ እጅጌ የእሷው ግራ ተገልብጦ ነበር። እሷ ክር ግዢ ተብላ በር ስትወጣ፣ ሰውየው ካርቶኗን ከጠረጴዛዋ ላይ አንሥቶ ይገለብጣል፣ ያሰምራል፣ ቦታው ይመልሳል፣ ከዚያ በተረፈው ጊዜ ቀልድ ያዘጋጃል። ትዳር ሙሉ።

ወይዘሮ ግራ ተነሥታ የባሏ ባዶ ወንበር ፊት ቆመች፣ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ከሞተ ጀምሮ ስለ እሱ የምታወራው እንደ መልአክ ነበር፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ባል አናገረችው። የቀረ ስድብ የለም። አስመሳይ ተባለ፣ የካርቶን ሌባ ተባለ፣ ጫማዬን በክር መንገድ የጨረስክ ተባለ፤ አያቶቹም በየተራ ተነሥተው ድርሻቸውን ተቀበሉ። ካፌ የነበርነው አንድም ቃል አላመለጠንም። ትራፊኩ ሊያማልድ ፈልጎ ሟችን የሚደግፍ ግማሽ ቃል ቢሰነዝር እሱም ደረሰው፤ ሌላውን ግማሽ ዋጠው።

ከዚያ ያ ሳቅ መጣ። መንገዱን ተሻግሮ ሲደርስ አስተናጋጇ ትሪዋን አስቀምጣ ተመለሰች አለች። ከሳቁ ሥር ሌላ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ በብርድ ጠዋት ሊነሣ የሚታገል የቆየ የጭነት መኪና ዓይነት። ሄዶ፣ ሄዶ፣ ተነሣ። የትራፊኩ ሳቅ ነበር።

ከተረፈው ጨርቅ አዲስ ቀኝ እጅጌ ቆረጠች፤ ካርቶኗን ገልብጣ። ግራውን በራሷ መኪና፣ ቀኙን በባሏ መኪና ሰፋች፤ ያ መኪና ሥራ ፈትቶ እንዲዝግ አልፈልግም ብላ። አሮጌውን ኮትም ገጣጠመችው፣ የጎደለውንም ቁልፍ ተከለችለት።

የሠርጉን ነገር ማውራት ከጀመርኩ ይህ ወረቀት አይበቃም። ትራፊኩ በሩ ላይ ብቅ ሲል ሙሽሮቹ ገና መድረክ ላይ መሆናቸው ትዝ ያለው ሰው አልነበረም፤ ዓይን ሁሉ ኮቱ ላይ። ለሰላምታ ቀኝ እጁን ሲያነሣ ትከሻው ላይ አንዲት ሽብሽብ አልታየችም። ሙዚቀኞቹ እጁን አይተው ከእነ ዜማቸው ቆሙ፣ ሲያወርደው ቀጠሉ። ልጁን ይዞ ሲጨፍር በደስታ አልቅሶ፣ በዚያው መሃል በሳቅ ፈረሰ፤ ልጁ አባቷ የታመመ መስሏት ወንበር አስመጣች። በማግሥቱ ስፌት ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ግማሽ ኮቶች በየተራቸው ሌላ ግማሻቸውን እያገኙ፣ በባለቤቶቻቸው ትከሻ ላይ ቀጥ ብለው ወጡ።

ዋርሳው ሙሉ ኮት በዓይኑ አየ። ዳሰሰውም። እትዬ ቻሉ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ ነገር ግን ይህን ከማለት ወንድሜ ከመቃብር ተነሣ ማለት ቀለለው። ሙቱን ወደ ሥራ ያስገባው እሱ ነው። ሰፈሩም ወሬውን ተቀብሎ አሳደገው፤ የሚያሳፍረው እኛም ጥቂት ስኳር ጨምረንበታል። ዋርሳው ወሬው በደንብ መብሰሉን ሲያይ እናቱ ዘንድ ሄዶ ሒሳቡን አቀረበ፤ ቀኙን የሚሰፋው ወንድሜ ከሆነ ምራትሽ የምታወጣው ያው ግማሽ ኮት ነው፤ አንቺም ለግማሽ ኮት የፈረድሽውን ታውቂዋለሽ።

አማት ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ያችን ክፍል ረግጠዋት አያውቁም ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የታናሹን ክንድ ይዘው መጡ። ካፌው ተገልብጦ ወጣ፤ ስኒያችንን እንደያዝን ደጃፉን ሞላነው። ትራፊኩ እንደ ልማዱ ውስጥ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር፤ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው። እሳቸው ግን አለፉትና የልጃቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። የመኪናውን ጎማ በጣታቸው ነካ አደረጉት፤ ትንሽ ዞረ።

ዋርሳው ማሩን ከፈተ። እትዬ፣ ይመጣል ቢሉ ማን ይቀየማል፤ ለእናቴም መጽናኛ ነው አላት። እናቱ ዝም በል አሉት። አይመጣም ካለች ነገሩ አልቋል፣ ክፍሏ የእሷ ናት፣ አንተም ወደ ጃንጥላህ ትመለሳለህ።

ወጥመዱ ግን ያ አልነበረም። ወጥመዱ የአሮጊቷ ዓይን ነበር። ሁላችንም አየነው፤ ያ ዓይን አዎ የምትል አንዲት ቃል እየጠበቀ ነበር። አዎ ብትል እኚህ እናት ልጃቸውን ለአንድ ከሰዓት ያገኙታል፤ እሷ ሱቋን ታጣለች። አይደለም ብትል ልጃቸውን እሷ ዳግም ልትቀብርባቸው ነው።

«ይመጣል ወይ ልጄ?» አሉ አማቷ። «እውነቱን ንገሪኝ። አልደነግጥም።»

ወይዘሮ ግራ መቀሷን አስቀመጠች። መጥታ ፊታቸው በርከክ አለችና ሁለት እጃቸውን ያዘች።

«አይመጣም እማማ» አለቻቸው። «አንድ ቀንም መጥቶ አያውቅም። መኪናውን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ፤ የሚስለው ትራፊኩ ነው፤ ክብሪት የለመነም የለም። ቀኙን እጅጌ የሰፋሁት እኔ ነኝ።»